ፍሪዳና ጥርኝ ውሃ

ንጉሥ ዳዊት መሠዊያ ሊሠራ የኢያቡሳዊውን የኦርናን አውድማ ፈለገ። ኦርና አውድማውንም፣ በሬዎቹንም፣ እንጨቱንም በነጻ ውሰድ ቢለው ንጉሡ እምቢ አለ። ያልከፈልኩበትን ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ 50 ሰቅል ብር ሰጥቶ ገዛው። ታሪኩ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ላይ ይገኛል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የሰማሁት ደሴ ውስጥ ባሳደገችኝ አክስቴ ጓዳ ነው። እንግዳ ቡና ጠጥቶ፣ ቆሎ ብቻ ቆርጥሞ ከሄደ ቤቷ የተዋረደ ይመስላት ነበር። ቆሎው፣ ፈንዲሻው፣ ቂጣው ሁሉ ይቀርባል፤ ለእሷ ግን እነዚህ ወጡ እስኪደርስ አፍ ማቆያ ናቸው። "ምን ደከምኩበትና ነው አበላሁ የምለው?" ትላለች። ዳዊት የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄዋን ማቃለል አልፈልግም። ያልደከሙበት ነገር ስጦታ ይባላል ወይ? በአገራችን እንግዳ የእግዜር እንግዳ ነው። በእግር ይኬድ በነበረበት ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ" ይላል። ከውስጥ "ቤት የእግዚአብሔር ነው" የሚል መልስ ይመጣል። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል። ለእንግዳ የቀረበ ለእግዚአብሔር እንደ ቀረበ ከተቆጠረ የዳዊት ሕግ ጓዳ ድረስ ይገባል ማለት ነው። አክስቴ ከዚህ ተነሥታ ትከራከር ነበር፤ በክርክር የረታት ሰውም አላየሁም። ፊደል ሳትቆጥር ከሰባኪ በላይ ጥቅስ ታውቃለች።

እሷ ዳዊትን ስታነሣ እኔ የማነሣው በላዔ ሰብእን ነው። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ታሪኩን ያልሰማ ምእመን ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም የምናስታውሰው ግን መጨረሻውን ነው። 78 ሰው የበላ ሰው በመንገዱ ላይ በቁስል የተመታ፣ በውሃ ጥም የተቃጠለ ድኻ አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው አልሰማውም፤ በጻድቃን ስም ቢለምነው አልሰማውም። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ሚዛን ላይ ያቺ ውሃ ከ78ቱ ነፍስ ጋር ተመዘነችለት፤ በእመቤታችን አማላጅነትም ዳነ።

መጀመሪያውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በአገራችን ትረካ ስምዖን የሚባለው ይህ የቅምር ሰው ሲነሣ አውሬ አልነበረም። እንደ አብርሃም እንግዳ የሚወድ፣ እንግዳ ሳይቀበል የማይበላ ደግ ሰው ነበር። ሰይጣን ቀናበት፤ በሥላሴ አምሳል ሦስት እንግዳ ሆኖ ከቤቱ ገባ። ስምዖን ደስ ብሎት የሰባ ፍሪዳ አረደ። እንግዶቹ አንበላም አሉ። የምትወደን ከሆነ ልጅህን እረድልን አሉት። አረደ። አንተ ቅመስ አሉት፤ ቀመሰ። ሰው መብላት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ የኃጢአትና የምሕረት ታሪክ መሆኑን ማንም ያውቃል። እኔ ግን ስለ እንግዳ አቀባበል ከተነገሩት ሁሉ እጅግ የሚያስፈራኝ ታሪክ እሱ ነው። ስምዖን አልሳሳም። የአክስቴን ሕግ ከአክስቴ በላይ ፈጽሟል፤ ከሁሉ የሚበልጥበትን ሰጥቷል። ነገር ግን ዳዊት የከፈለው ከራሱ ኪስ ነው፤ የስምዖንን ግብዣ ዋጋ የከፈለው ልጁ ነው። አክስቴና እኔ የምንለያየው እዚህ ላይ ነበር። ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር ዋጋ ሊኖረው ይገባል ካልን፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

በዚህ ጥያቄ የአብርሃምን ቤት ተመልከቱት። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ላይ አብርሃም በቀትር ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሦስት ሰዎች አየ፤ ሮጦ ተቀበላቸው። ቃል የገባላቸው ውሃና ቁራሽ እንጀራ ነው። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ገብቶ ሣራን ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ፈጥነሽ አቡኪ አላት፤ ከከብቱም ጥጃ መርጦ ለብላቴናው ሰጠ። ሮጦ የተቀበለው አብርሃም ነው፤ ያቦካችው ግን ሣራ ናት፤ ጥጃውን ያዘጋጀው ብላቴናው ነው። የአብርሃምን ደግነት አልክድም፤ ሽማግሌው በዚያ ፀሐይ ራሱ ሮጧል፤ እንግዶቹ ሲበሉም ከዛፉ ሥር ቆሞ አሳልፏል። ሆኖም በየቤታችን የቀረው የአብርሃም ትእዛዝ እንጂ የአብርሃም ሩጫ አይደለም። አባወራው ከመሥሪያ ቤት ይደውላል፤ "አራት ሰው ይዤ እመጣለሁ" ይላል። የዶሮው 12 ብልት መውጣት አለበት፤ ሽንኩርቱ ሲከተፍና ሲቁላላ ግማሽ ቀን ይሄዳል። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዕቃ ስታጥብ የምታመሸው ሠራተኛ ናት፤ ነገ ማለዳ የምትነሣውም እሷው ናት። "እጅሽ ይባረክ" የሚባለው ደግሞ ለባለቤትየዋ ነው። ምስጋናው እንኳ ኩሽና ድረስ አይዘልቅም።

ጌታን በቤቷ ያስተናገደችው የማርታ ነገርም ሁሌ ይከነክነኛል። እኔ የሰማኋቸው ሰባክያን ሁሉ ማርታን ይገሥጻሉ፤ ከስብከቱ በኋላ ግን ለምሳ የሚቀመጡት ማርታ ከሠራችው ማዕድ ነው። "ከፍትፍቱ ፊቱ" የሚለውን ተረትም ደጋግመው የሚናገሩት ፍትፍቱን ያልሠሩት ናቸው። ጌታ ማርታን ያላት ብዙ ነገር ያሳስብሻል፣ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ነው ብሎ ነው። ያን ያህል መድከምሽን ማን አዘዘሽ እንዳላት አድርጌ ነው የምረዳው። የሚነበበው በወቀሳ ድምፅ ነው፤ እኔ በዕረፍት ድምፅ ነው የምሰማው።

እንግዲህ ባለቤቱ ራሱ፣ ማንንም ሳያዝ፣ ከእንግዳው ሳይለይ ሊሠራው የሚችለው ምን አለ? ብዙ አለ፤ የቡና ቁርስ የምንለው ሁሉ እዚህ ይገባል። በእኛ ቤት ቆሎ የሚቆላው ባለቤቴ ነው። ከእኔ በላይ ያውቅበታል። ገብሱ በትንሹ ውሃ ነክቶት ተፈትጎ ገለባውን ይጥላል፤ ሲደርቅ በጋለ ምጣድ ላይ እጅ ሳያርፍ ይማሰላል። ሽምብራው ለብቻው ይቆላል፤ ከገብስ ጋር አብሮ ከገባ አንዱ ሲያር ሌላው ጥሬ ይቀራል። ሱፉና ለውዙ መጨረሻ ላይ ይቀላቀላል። ባለቤቴ ይህን የሚያውቀው በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ስለነበረ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየተከላከለ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ በየደጁ ዞሯል። ከዚያ ዘመን የሚያስታውሰው ትልቅ ቤት የለም። "እንጀራው እስኪወጣ ቆይ" ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ እንደ ረሱት፣ አንዲት ሴትዮ ግን ድምፁን ስትሰማ በእጇ ያለውን ቆሎ ይዛ እንደምትወጣ ይነግረኛል። በላዔ ሰብእ የተለመነው በዚያው በማርያም ስም መሆኑን ልብ በሉ። ለተራበ ሰው ከመጠኑ ይልቅ ፍጥነቱ ይቀድማል።

ዳቦ ቆሎ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ለቀለምና ለጣዕም ያህል በርበሬ፣ ሩብ ኩባያ ዘይት። እርሾ አይገባበትም። በትንሽ በትንሹ ውሃ እየጨመሩ ጠበቅ አድርጎ ማሸት፣ ጥቂት ማሳረፍ፣ እንደ እርሳስ አቅጥኖ ማድቦልቦልና በቢላ ወይም በመቀስ ሽምብራ ሽምብራ እያሳከሉ መቁረጥ ነው። ከዚያ በምጣድ ወይም በምድጃ ውስጥ ወርቅማ እስኪሆን ድረስ ማመስ። በደንብ ከደረቀና ክዳን ባለው ዕቃ ከተቀመጠ ሳምንታት ይቆያል፤ ስለዚህ ደራሽ እንግዳ አያስደነግጥም። በቅቤ ፈንታ በዘይት ከተሠራ ጾም አይፈታም፤ ከዓመቱ እኩሌታው ያህል ጾም በሆነበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆች ሲመጡ በርበሬውን ትቼ ስኳሩን ከፍ አደርጋለሁ።

ሳምቡሳ ትንሽ ጣጣ አለው፤ ጣጣው ግን ለብዙ እጅ የሚከፋፈል ነው። የምስር ሳምቡሳ በእኛ ጾምም፣ በጎረቤቴ ረመዳንም ያገለግላል። ምስሩ ሳይፈርስ ይቀቀላል፤ ውሃው ተጠንፍፎ ካልደረቀ ሊጡን ያረጥበዋል። ሽንኩርትና ቃሪያ ደቆ ይገባበታል፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይጨመራል። ቂጣው እንደ ወረቀት ሳስቶ ምጣድ ላይ ለአፍታ ብቻ ይያዛል፤ ተቆርጦ በሦስት ማዕዘን ይታጠፋል፤ ጫፉ በዱቄት ለውስ ይለጠፋል። ጎረቤቴ ከአስር ሰዓት በኋላ ወንዶች ልጆቿን ከጠረጴዛው ዙሪያ ደርድራ ታሳጥፋቸዋለች። ትልቁ ልጅ የሚያጥፈው ሁሌ አንድ ጎኑ ክፍት ነው፤ ዘይት ውስጥ ሲገባ ምስሩን ይተፋዋል፤ እሱን እሷ ራሷ ትበላለች። በሰሃን ሸፍና ለእኔ ስትልክልኝ እኔ ደግሞ ሰሃኑን ባዶ አልመልስም፤ ዳቦ ቆሎ አደርግበታለሁ።

የሰልማንን ታሪክ የነገረችኝም እሷ ናት። ከነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች አንዱ የነበረው ሰልማን አል ፋሪሲ ቤት እንግዳ መጣ ይባላል። ሰልማን ዳቦና ጨው አቀረበ። ለእንግዳ ብሎ ያለ አቅም መጨነቅ ባይከለከል ኖሮ እጨነቅልህ ነበር አለው። እንግዳው በላና "ከጨው ጋር ትንሽ ቅመም ቢኖር" አለ። ሰልማን ምንም ሳይናገር የሚታጠብበትን ማሰሮ አስይዞ ጦስኝ የመሰለውን ያን ቅመም አስመጣለት። እንግዳው ጠግቦ ሲያበቃ "በሰጠን እንድንብቃቃ ያደረገን አላህ ይመስገን" ብሎ አመሰገነ። ሰልማን፦ "አንተ በተሰጠህ ተብቃቅተህ ቢሆን ኖሮ ማሰሮዬ ከሰው እጅ ባልገባ ነበር!" ጎረቤቴ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪወርድ ስቃለች። ከዚያ ቀጥላ፣ ነቢዩ ለሴቶች የጎረቤትን ስጦታ የበግ ሰኮና ቢሆንም እንዳይንቁ መክረዋል፤ እንግዳም ሦስት ቀን ይስተናገዳል፣ ከዚያ በላይ ቆይቶ ባለቤቱን ማስጨነቅ ግን አይገባውም አለችኝ። የእኛ አገር ሰውም እንግዳን በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ብሎ በሦስተኛው ብረት ያደርገዋል።

የሰልማን ታሪክ ሌላውንም ከፋይ አሳየኝ። ግብዣ ሲከብድ ከጓዳዋ ሴት ቀጥሎ የሚከፍለው እንግዳው ራሱ ነው። ጠረጴዛው በሞላ ቁጥር መብላት ግዴታ ይሆናል። "በሞቴ" ይባላል፤ በሰው ሞት ተምሎ የቀረበን ጉርሻ ማን እምቢ ይላል? ስኳር ያለበት ሰው ሐኪሙ የከለከለውን ይውጣል። ወደ ቤቱም ሲመለስ ይሉኝታ ተሸክሞ ይመለሳል፤ እነሱ ይህን ካበሉኝ እኔ ምን ላቀርብ ነው ይላል። በወንጌለ ሉቃስ ምዕራፍ 14 ጌታ ግብር ስታገባ ብድር ሊመልሱልህ የሚችሉትን አትጥራ፤ ድኾችን፣ ሽባዎችንና ዕውሮችን ጥራ ይላል። ከባድ ግብዣ በተፈጥሮው ብድር ነው። ለእፍኝ ቆሎ ግን ብድር የሚቆጥር ሰው አላጋጠመኝም። ትንሽ ነገር የቀመሰ እንግዳ ነጻ ሆኖ ይሄዳል፤ ነጻ ሆኖም ተመልሶ ይመጣል። የአክስቴ እንግዶች ያከብሯት ነበር፤ ሳያስቡት ጎራ የሚል ግን አልነበራትም።

ይህ የአደባባይ ጉዳይ መሆኑን ያወቅሁት በማኅበራችን ነው። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ነው፤ በወር በወር በ16 በተራ እንዘክራለን። ሲመሠረት የተስማማነው ጠበል ጠዲቁ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ እንዲሆን ነበር። አንዷ ተራዋ ሲደርስ "ልጄ ስለተመረቀች" ብላ ትንሽ ዶሮ ወጥ ጨመረች። ምን ይባላል? እልል አልን። ቀጣይዋ ዶሮውን ትታ መምጣት አልቻለችም፤ ክትፎ ደገመች። ከዚያ በጉ መጣ፤ ከበጉ በኋላ የኪራይ ወንበርና ድንኳን መጣ። በዚህ መሐል ከመሥራቾቹ አንዷ፣ ባሏ የሞተባትና በጡረታ የምትኖር እህታችን፣ መቅረት ጀመረች። እግሬን አመመኝ አለች፤ ቀጥሎ ልጄ ጋ ሄጄ ነበር አለች፤ በመጨረሻ ጽዋው እንዲያልፋት በሰው ላከች። እግሯ ደህና ነበር፤ ቅዳሴ ታስቀድሳለች። ያራቃት የእኛ በግ ነው። በኪዳነ ምሕረት ስም፣ በዚያች ጥርኝ ውሃ ስም ተሰብስበን፣ ከጥርኝ ውሃ በላይ የሌላትን ሴት ከማኅበሩ አስወጣናት። ስምዖን ልጁን ሲያርድ የታየው የእንግዶቹ ፊት ብቻ ነበር፤ እኛም የታየን እርስ በርሳችን ነው።

አክስቴ በሕይወት ብትኖር እዚህ ላይ እንደማትለቀኝ አውቃለሁ። ንፉግም እንዲህ ይላል ትለኝ ነበር። ሚሊዮን ቆጥሮ ያስቀመጠ ሰው ቆሎ ዘግኖ ሰጥቶ በበላዔ ሰብእ ሊምል ነው? ትክክል ናት። የሰራፕታዋን መበለት ማንም ትንሽ ሰጠች ሊል አይችልም። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 ከማድጋዋ የቀራት እፍኝ ዱቄት፣ ከማሰሮዋም ጥቂት ዘይት ነው። ያንን ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ለመሞት እንጨት ስትለቅም ኤልያስ መጣና መጀመሪያ ለእኔ ትንሽ እንጎቻ ጋግሪልኝ አላት። ትንሽ እንጎቻ ናት፤ ግን ሁሉም ነበረች። ይህን ምዕራፍ ሳነብ ነቢዩ እስኪያሳፍረኝ ይከብደኛል፤ ከልጅ አፍ ላይ ይለመናል ወይ? ነገር ግን ነቢዩ ዱቄቱ እንደማያልቅ ተስፋ ሰጥቶ ነው የለመናት፤ መበለቲቱም ለልጇ በልቶ ማደርን አተረፈችለት እንጂ አላረደችውም። ከስምዖን የምትለየው በዚህ ነው።

ስለዚህ መለኪያዬ የሰሃኑ ብዛት አይደለም፤ ማነሱም አይደለም። ሀብታም በግ ይረድ፤ ተራ ያልደረሳቸውን፣ ብድር የማይመልሱትን ጠርቶ ይረድ፤ ከተቻለም ሽንኩርቱን ራሱ ይክተፍ። ባለ ትንሽ ኑሮ ቆሎውን ይዝገን፤ አይፈር። ከሱቅ የተገዛ ብስኩትም አልንቅም፤ ከሥራ ደክማ የገባች ሴት ብስኩት ከፍታ ከእንግዳዋ ጋር ብትቀመጥ፣ ጓዳ ውስጥ እየተቃጠለች በዓይኗ ከምትቀበለዋ ትሻላለች። ዳዊት ልክ ነው፤ ዋጋ ይከፈል። የሚከፈለው ግን ከባለቤቱ እጅ፣ ከባለቤቱ ጊዜ ይሁን። ልጅ፣ ሠራተኛ፣ ወይም እንግዳው ራሱ ከፍሎበት "እኔ አበላሁ" ማለት አይገባም።

ማኅበር የምትመሩ ሙሴዎች፣ በሚቀጥለው ወር ጽዋው ሲነሣ የምግቡን ዓይነት በቃለ ጉባኤ ወስኑ፤ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ቆሎና ጠላ በቂ ነው። ከዚያ ሰው ልካችሁ በድግሱ ምክንያት የቀረችውን እህት ጥሩ፤ የመጀመሪያውን ተራ ለእሷ ስጡ።